መኪና ይወረሳል፣ ሹፌር አይወረስም

እኔ ላቀው ይመኑ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጋርመንት ወረድ ብሎ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ኩላሊቴ ግን ጎዶሎ ሳለ፣ ዛሬ ማክሰኞ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። ሐሙስ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለኝ።

የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ተሳቢ እየጎተትኩ ጅቡቲ ስመላለስ ከፊርማዬ በቀር ፊደል አላውቅም ነበር። በስልሳ አምስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው ቡዜ ምስክር ሆና እዚሁ ተቀምጣለች፤ ውሸት ከሆነ ትናገር። ዝም ብላለች፤ ይመዝገብ።

ሹፌሬ ኢያቄም «ለምን ምስክር አልሆንኩም?» ብሎ አኩርፎ ደጅ መኪናዋን ያጥባል። የሚወርስ አይመሰክርም። ምን እንደሚወርስ ግን ገና አልነገርኩትም።

ቤቱና በውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ የባለቤቴ የገበያነሽ ነው። «ይህን ቤት በመሪዬ ሠራሁት» እያልኩ ስፎክር ኖሬአለሁ፤ እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ከግንበኛው ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረችው ግን እርሷ ናት። ለልጄ ለትሕትና በባንክ ያለው ይሰጣት፤ የትምህርት ደብተሮቼም የእርሷ ናቸው፣ በሠርጓ ቀን ለእንግዶች ይነበቡ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ሌላ ዕዳ አለብኝ፤ እመጣበታለሁ።

ቀይዋ መኪናዬ ከነተሳቢዋ ለገበያነሽና ለትሕትና እኩል ትሁን። በዚህች መኪና ልቤ ቆስሏል። ሃያ ዓመት ነዳኋት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ኩላሊቴ ሲከዳኝ ኢያቄምን ቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ለእኔ ሦስቴ ስታስል የኖረች መኪና፣ ለእርሱ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። መካኒኩ ወጋየሁማ ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ «የኢያቄም መኪና መጣች!» ብሎ ይጮኻል። እስኪ በምስክሮች ፊት ተናገር ወጋየሁ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው?

«በእርስዎ ነው፣ ጋሼ» ብሏል። ይመዝገብ።

ገበያነሽም አልተሻለችም። እኔ በሰመራ ሙቀት ስጠበስ ጥላ አገኘህ ወይ ያለኝ ሰው አልነበረም። ለእርሱ ግን ራሷ ትደውላለች፦ «ልጄ፣ በላህ? ጥላ ሥር ነህ?» በግ በታረደ ቁጥርም ቅልጥሙ ለእርሱ ይወጣል። ስጠይቃት «መንገደኛ ነው» ትላለች። እኔስ ሠላሳ አራት ዓመት ምን ነበርኩ፣ ሐውልት?

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ።

አምና ኢያቄም ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። አንድ ትልቅ የጭነት ድርጅት ሹፌር ይቀጥራል፤ መኪና ሄደም ቆመም ደመወዝ አለ፣ ጡረታ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ለአንድ መኪና ሁለት ሹፌር ይመደባል። የሚጠይቁት ከአሠሪ የተጻፈ የሥራ ልምድ ነው። እኔ የምከፍለው በጉዞ ነው፤ መኪናዋ ከቆመች የእርሱም እንጀራ ይቆማል። ሚሌ ላይ ሞተሯ ተበላሽቶ አሥራ አንድ ቀን ከሥሯ ተኝቶ ሲጠብቃት፣ የአንዱንም ቀን አልከፈልኩትም። እኔንም በጊዜዬ የከፈለኝ ስላልነበረ ትክክል መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ይጻፉልኝ» አለኝ።

ቀናሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያላገኘሁትን፣ ይህ ልጅ በአንዲት ወረቀት ሊያገኘው!

«ልጄ፣ ገና ፊደል ገበታው ግማሽ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ትሕትና ትጻፈውና እርስዎ ይፈርሙ።»

«ያላነበብኩትን አልፈርምም።»

በዚያው ሳምንት ሦስት ገጽ ድርሰት ጽፌ፣ ክፍሉ ፊት አንብቤ ተጨብጭቦልኝ ነበር። እርሱ ግን አመነኝ። ምዝገባው አለፈው። ቶሎ እንድማር ብሎ ደብተርና እስክሪብቶ ገዛልኝ። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ድካም ሳይል ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። «ዛሬስ የት ደረሱ፣ ጋሼ?» ሲለኝ «ቀስ እያልኩ ነው» እለዋለሁ። አንደኛ ስወጣ እንኳ፣ እርሱ እንዳይሰማ ብዬ ለጎረቤት አልፎከርኩም። እኔን ለመሰለ ጉረኛ ከዚህ የከበደ ጭነት የለም። ይህ የምጽፍበት እስክሪብቶ እርሱ የገዛው ነው።

ዘንድሮ የድርጅቱ ምዝገባ እንደገና ተከፍቷል። ትናንት ይህን ቃሌን ሳረቅቅ «መኪናዬ ለቤተሰቤ፤ ኢያቄምም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይንዳት» ብዬ ጽፌ ነበር። መምህርቴ አረጋሽ አንብባ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችና «ጋሽ ላቀው፣ መኪና ይወረሳል፣ ሹፌር አይወረስም» አለችኝ። ሰረዝኩት።

ስለዚህ ለኢያቄም የምተወው የሚከተለውን ነው፤ በሌላ ወረቀትም ገልብጬ ፈርሜበታለሁ፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ ኢያቄም ወልዴ ዘጠኝ ዓመት በመኪናዬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሠርቷል። ጭነት አላጎደለም፣ ሰው አልገጨም። ሳይከፈለው እንኳ መኪና ጥሎ አልሄደም። ከእኔ የተሻለ ሹፌር ነው።»

የመጨረሻውን መስመር «ከእኔ እኩል» ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ። ጉራዬ አልለቅ ብሎኝ እንጂ ፊደሉ ጠፍቶብኝ አይደለም።

በእርሱ ቦታ ሌላ ሹፌር ስትቀጥሩ፣ መኪናዋ ቆማም ቢሆን ወርሃዊ ደመወዙን ክፈሉት። መልከ መልካም ግን አትቅጠሩ፤ ገበያነሽ፣ ይህ አንቺን ይመለከታል።

ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው ይባላል። የኢያቄም ወረቀት ግን የእኔን ሞት አይጠብቅ፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤ፣ ምስክሮቼ ሰምተው ፈርመዋል፤ እኔም ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ላቀው ይመኑ
ምስክሮች፦ መምህርት አረጋሽ፣ ወጋየሁ መካኒኩ፣ ቡዜ የክፍል ጓደኛዬ፣ ጎረቤቴ ኖላዊ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ኢያቄም ተጠርቶ ገባ፤ በእርጥብ እጁ ወረቀቱን ይዞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጋሼ፣ ይህን ያህል መጻፍ ከቻሉ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ዓመት አለፈኝ» አልኩት።

የመጨረሻውን መስመር እንደገና አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና «ሐሙስ ሆስፒታል የማደርስዎት እኔ ነኝ፤ ዓርብ እመዘገባለሁ» አለኝ። ገበያነሽ ምግብ አቀረበች። ሐሙስ ቢላ የሚያርፍብኝ እኔ ሆኜ ሳለ፣ ቅልጥሙን ለእርሱ አወጣችለት። ምስክሮች፣ ይህንንም መዝግቡልኝ።