አረም የታጣበት ማሳ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ አበበች፤

እንደምን ሰነበትሽ? የጥርስ ሕመምሽስ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም እንቅልፍ እየነሳሽ ነው? ባለቤትሽ፣ ሩትና እዮኤል፣ የአርባ ምንጭ ጎረቤቶችሽ ሁሉ እንዴት ናቸው? እናታችንም እኔም፣ ከወገቤ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

አምና ወፍ ስጠብቅ ከማማው ላይ ወድቄ ከተጎዳሁ ወዲህ ጎንበስ ማለት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ሐኪሙም ከባድ ሥራ እንዳልነካ ጽፎልኛል። ስለዚህ መሥራት ለማይችል ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ድጋፍ ጠየቅሁ። አፍሬ ነበር፤ እናታችን ግን በእኔ እፍረት አትጠግብም።

ነሐሴ ላይ ድጋፉ ለማን እንደሚገባ የሚወስነው ኮሚቴ ቤቴንና ማሳዬን ሊያይ እንደሚመጣ ተሰማ። ጎረቤታችንን ጋሼ ታከለን ታውቂያቸዋለሽ። የደምሴ ማሽላ በአረም ተውጦ በወረዳ ሰው ፊት ያዋርደናል ብለው ደቦ ጠሩና በዋዜማው ማሳውን አንዲት አረም ሳያስቀሩ አጸዱት። እኔም ጅሉ መረቅኋቸው። በማግስቱ ኮሚቴው ማሳውን ዞሮ አየና፣ መሥራት ያቃተው ሰው እርሻ እንዲህ አያምርም አለ። ጋሼ ታከለ ደንግጠው፣ ያረምነው እኛ ነን፣ እሱ አንድ ቀን አልጎነበሰም ብለው ማሉ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ወገን ካለው ረዳት የሌለው ይቅደም ብሎ አለፈኝ።

አቤቱታ አስገባሁ። ነገ ሐሙስ ዳግመኛ መጥተው ያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ የዘንድሮው ምዝገባ ይዘጋል። ጎረቤቶቼም እስከዚያ ማንም የደምሴን ማሳ እንዳይነካ ተማከሩ። እኔም እሺ አልኩ። ማሽላው ግን ኮሚቴ አያውቅም፤ አሽቷል፣ ግሪሳም ወርዶበታል። ደጃፍ ተቀምጬ ወፍ ሲለቅመው እውላለሁ። እናታችን ምክሩን ስላልነገርናት፣ ሰዉን ምን በድለነው ነው የራቀን እያለች ታለቅሳለች። ወንጭፉን አንስታ ልትሄድ ስትል የምይዛት እኔ ነኝ። ድጋፉ ከቀረ ያለን ይኸው ማሽላ ነው፤ ማሽላውን ካዳንን ደግሞ ድጋፉ ይቀራል። እትዬ፣ ፈርቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት የወንጭፍ ጩኸት ሰምቼ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ታከለ ማማዬ ላይ ቆመዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። አላስቻላቸውም። ዛሬ ከዋሉ ነገም እንደሚወጡ አውቃቸዋለሁ። ይውረዱ፣ ሰዎቹ ይመጣሉ ልላቸው ሄጄ፣ ለእትዬ ደብዳቤ ልጽፍ ነው ብቻ ብያቸው ተመለስኩ።

እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች። ሩትንና እዮኤልን ሳሚልኝ፤ ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ጋሼ ታከለም ሰላም ብለውሻል። ይህን ስጽፍ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እስካሁን አልወረዱም።

ወንድምሽ ደምሴ
ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.