ለዳርቱ እጅ ራሱን የሚጠግን ጨርቅ ሲሠሩ የኖሩት የአቶ ገመዳ ሂርጳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ገመዳ ሂርጳ ከአባታቸው ከአቶ ሂርጳ ዋቆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ከበበ በ1948 ዓ.ም. ከእንጦጦ ሥር፣ ያኔ የገብስ እርሻ በነበረው የኮተቤ ዳርቻ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በማቅለሚያ ክፍል ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሎሚ ወንድይራድ ጋር ተጋብተው ሌንጮንና ዳርቱን ወለዱ።

በ1986 ዓ.ም. ቡታጋዝ ፈንድቶ የአራት ዓመቷን ዳርቱን ቀኝ እጇን አቃጠላት። ሐኪሞች ጠባሳው ጣቶቿን እንዳያጣብቅ ጠበቅ ያለ፣ የሚለጠጥ ጓንት ቀንና ሌሊት እንድታጠልቅ አዘዙ። ከውጭ የሚመጣው ጓንት ግን በጣቶቿ መሐል ቶሎ ቶሎ ይቀደድባት ነበር፤ ሌላ እስኪገኝ ጠባሳው ጊዜ ሳይሰጥ ጣቶቿን ያያይዛቸው ጀመር።

አቶ ገመዳም ሲቀደድ ራሱን የሚጠግን ጨርቅ ለመሥራት ተነሡ። ከሥራ መልስ በግቢያቸው ጥግ በሠሯት የቆርቆሮ ክፍል ጎማ በቤንዚን እያሟሙ ክር ይነክሩ ነበር። የማቅለሚያ ክፍል ባልደረቦቻቸው ገመዳ ልብስ ሰፊን ሁሉ ሊያስርብ ነው እያሉ ቀለዱባቸው። ወይዘሮ ሎሚ ግን ሽታው ደረትህን ይጨርሰዋል ብለው ደጋግመው ለመኗቸው።

በ1991 ዓ.ም. ጨርቁ ተሳካ። የተቀደደውን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በመዳፋቸው ሲያሞቁት ይያያዝና እንደገና ይለጠጥ ነበር። በደስታ ከጨርቁ ጓንት ሰፍተው ለዳርቱ አጠለቁላት። በማግሥቱ የጓንቱ ጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተገኙ። ለካ ጨርቁ ቀዳዳውንና ጎረቤቱን አይለይም፤ የነካውን ሁሉ አካሌ ነው ይላል። ዳርቱ እጇን አንሥታ፣ «አባዬ፣ እሱም እንደ እኔ ሆነ» አለች። አቶ ገመዳ ያን ቀን ሥራ አልገቡም።

በጣቶቹ መሐል ጥጥ ቢያለብሱት መጠገኑን ተወ፤ ጥጡን ቢያነሡት ተጣበቀ። እጇ ያድጋል፣ ልኩ ይለወጣል፣ እርሳቸውም እንደገና ይጀምራሉ። ኋላ በቀዶ ሕክምና ሌሎቹ ጣቶቿ ሲላቀቁ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ እንደተያያዙ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ «አባዬ፣ እጄን ተወው፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አለቻቸው። እርሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ቆርቆሮ ክፍላቸው ገቡ።

በ2000 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው፤ ሳንባቸው ተጎድቶ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በመጨረሻው ሳምንት ዳርቱን ቀኝ እጅሽን ስጪኝ አሏት። ለዓመታት ያን እጅ የሚይዙት ጣት በጣት እየዳሰሱ ለመለካት ነበር። ያን ዕለት ግን ምንም ሳይለኩ እንደያዙት እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አቶ ገመዳ የካቲት 14 ቀን 2003 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ፣ ልጆቻቸው ሌንጮና ዳርቱ፣ እንዲሁም የየካና የኮተቤ ወዳጅ ዘመድ ከኋላቸው ቀርተዋል። አምላክ ያላለቀ ልፋታቸውን እንዳለቀ ቆጥሮ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።