ምኑ ነው የደረቀው?

ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣
ለተከበሩ አቶ ምስጋናው

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ብዕርዎ፣ የማኅተምዎ ቀለምና የጉሮሮዎ ምራቅ ከቶ እንዳይደርቅ እለምናለሁ፤ ሌላ የሚደርቅ ነገር ቢያጋጥምዎ ግን ወደ ራስዎ ሆስፒታል እንዳይሄዱ እንደ እህት እመክርዎታለሁ።

እኔ ሰውዳ ኢምራን እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ የወፍጮ ዕቃ፣ ማለትም የሞተሩን ቀበቶ ቺንጋን፣ ኩሽኔታና የብረት ማለስለሻውን ግራሶ እሸጣለሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቴ ተቆርጦ፣ በሽታው እንዳይመለስ የሴትነትን ሆርሞን የሚያግድ ክኒን ለአምስት ዓመት በየቀኑ እንድውጥ ታዘዘልኝ። ክኒኑ ሥራውን ይሠራል። ሆርሞኑን ሲያግድ ግን ብልቴን አደረቀው፤ ስቀመጥ ያቃጥለኛል፣ ስሸና ያቃጥለኛል፣ ባለቤቴ ሙሂዲን ሲቀርበኝ ምላጭ የያዘ ይመስለኛል። ይህን በአደባባይ መጻፌ ካሳፈረዎ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ አምስት ወር በሹክሹክታ ስናገረው የሰማኝ ስላልነበረ ምናልባት በጽሑፍ ይሻል እንደሆነ ብዬ ነው።

የየዕለቱን ነገር በደብተር የመያዝ ልማድ ስላለኝ፣ የዋላችሁልኝን ውለታ ከነቀኑ ላስታውስዎ።

1ኛ፦ መጋቢት 12 ቀን፣ ሦስት ወንዶች ወረፋ በሚጠብቁበትና መዝጊያ በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ድርቀት እንዳስቸገረኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለወጣቱ ባለሙያዎ ነገርኩት። እሱም ከመዝገቡ ቀና ሳይል የሆድ ድርቀት ሽሮፕ ጻፈልኝ። ሽሮፑ እጅግ የተመሰገነ ሽሮፕ ነው፤ ሱቄን ሦስት ቀን ዘግቼ ከጓሮ ሳልርቅ ከርሜያለሁ።

2ኛ፦ ሚያዝያ 20 ቀን ተመልሼ የሆድ እንዳልሆነ አስረዳሁ። እንግዲያው የፈሳሽ እጥረት ነው ተብሎ በውሃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ጨው ስምንት ከረጢት ተሰጠኝ። ሽሮፑ ያስወጣውን ጨው እንዲመልሰው ታስቦ ከሆነ፣ አሠራራችሁ የተቀናጀ ለመሆኑ በማንኛውም ስብሰባ ላይ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

3ኛ፦ በወርኃዊው ሪፖርት ላይ «ድርቀት፣ አንድ ሰው» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ወደ ላይ ሲወጣ በየጠረጴዛው አድጎ፣ «ድርቅ» ሆኖ ተመለሰ። ሰኔ 7 ቀን የእርዳታ መዝጋቢው አቶ አገኘሁ ቅጽ ይዘው ሱቄ ድረስ መጡና ስንት ጥማድ መሬት እንደደረቀብኝ ጠየቁኝ። ነገሩ ስለገባኝ፣ መሬቱ ጠባብ መሆኑን፣ ከአንድ አራሽ በቀር ገብቶበት የማያውቅ መሆኑንና አራሹም ከክረምት በፊት ተስፋ እንደቆረጠ በትሕትና ገለጽኩላቸው። ምርጥ ዘር ያስፈልግሽ ይሆን ወይ ቢሉኝ፣ አምስት ወልጄ እንደጨረስኩ ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም ጻፉት። በሳምንቱ ሃያ አምስት ኪሎ ስንዴ ወጣልኝ።

4ኛ፦ ሐምሌ 15 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ብሞክር፣ ያው ባለሙያ «በሕይወት መትረፍሽ አይበቃሽም? በዚህ ዕድሜሽ ይህ ድርቅና ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ድርቀት ብዬ ገብቼ፣ ድርቅ ተብዬ ተመዝግቤ፣ ድርቅና ተብዬ ወጣሁ። ደረቅ ቼክ ጽፋለች ተብዬ አለመከሰሴን የአመራርዎ ትዕግሥት ውጤት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ክኒኑን ተውኩት»። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልዋጥኩም። ይህን እንደ ቀልድ እንዳያነቡት አደራ።

በሃያኛው ቀን ለቁስሌ ክትትል ስመጣ ያ ባለመዝገብ ወጣት ምሳ ሄዶ ነበርና፣ ከሁለት በር ወዲያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ሃይማኖት አስገባችኝ። መዝጊያውን ዘጋች፣ ተቀመጠችና «እትዬ ሰውዳ፣ ምኑ ነው የደረቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ይኸው ነበር። የክኒኑ ጠባይ እንጂ የዕድሜዬም የምግባሬም ጥፋት እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ሐኪሜን ሳላማክር ክኒኑን እንዳልተው ተቆጣችኝ። በሳሙና ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ብቻ እንድታጠብ፣ ለዚያ ቦታ የተዘጋጀውን ማርጠቢያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በግንኙነት ጊዜ ደግሞ በውሃ የተሠራውን ማለስለሻ እንድጠቀም፣ ሆርሞን ያለበትን ቅባት ግን የካንሰር ሐኪሜ ሳይፈቅድ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ ሥራዬን ስለምታውቅ ግራሶም እንዳልሞክር ነገረችኝ። ጠቅላላው አንድ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ክኒኑን ዳግም ጀመርኩ፤ ከወር በኋላም ያለ ሥቃይ ተቀመጥኩ፤ ስለ ቀሪው ሙሂዲንን መጠየቅ ይችላሉ፣ ነገር ግን ዓይን አፋር ነው።

ከስማዳ የመጣ ባለወፍጮ ሱቄ ገብቶ «ደረቀብኝ» ቢለኝ፣ ሳልሸጥለት በፊት ምኑ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ኩሽኔታ ለሚቀባ ግራሶ እሰጣለሁ፤ ቺንጋ ለሚቀባ ግን ብሰጠው ቺንጋው ተንሸራቶ ወፍጮው ይቆማል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አልተጠየቅኩም።

አሁን ለመጻፍ ያስገደደኝን ልናገር። ሲስተር ሃይማኖት ሴቶችን በደንብ ታዳምጣለች የሚል ወሬ ስለደረሰዎ፣ በመስከረም ወር ለሽልማት ወደ ሪፖርት ክፍል እንዳዛወሯት ሰማሁ። ቁጥር ማዳመጥም ጆሮ ይፈልጋልና ውሳኔዎን አደንቃለሁ። ሆኖም ከጋይንት በኩል የምትመጣ፣ ስሟን የማልጠራት፣ ያንኑ ክኒን የታዘዘላት እህት አለችኝ። በዚሁ ድርቀት ምክንያት ክኒኑን ካቆመች ዘጠኝ ወር አልፏታል። የወንድ ልጇ እኩያ የሆነው ባለመዝገብ ሲጠይቃት ሆዴን ነው ትላለች፤ ሽሮፑን ተቀብላ፣ መርቃችሁ ትሄዳለች። ካንሰሩ እንደ እሷ ይሉኝታ የለውም። ለምኜ ለምኜ ለፊታችን ሐሙስ አሳምኛታለሁ፤ የምትናገረው ግን መዝጊያ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ለሴት ብቻ ነው። ያቺን አዳማጭ ሴት ደግሞ ከመስከረም ወዲህ ቁጥር ሲያስደምሯት ከርመዋል።

ስለዚህ ሐሙስ ሲስተር ሃይማኖት ለአንድ ሩብ ሰዓት ከሪፖርቷ እንድትነሣልን እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው፣ የዚያችን እህት ዓይን እያዩ፣ ምኑ ነው የደረቀው ብለው ይጠይቋት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ስምዎ ራሱ ምስጋና ስለሆነ ሌላ ምስጋና ሳልጨምርበት፣
አምስቱን ዓመት ከነትርፉ ልትኖር የቆረጠች የዘወትር ታካሚዎ፣
ሰውዳ ኢምራን
ኅዳር 9 ቀን፣ መካነ ኢየሱስ

ልጨምር ብዬ የረሳሁት፦ ስንዴው እንደታሰረ አለ፤ ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ። የአጠቃቀም መመሪያ ስላልተሰጠኝ፣ በቀን ስንት ጊዜና የት ላይ እንደሚቀባ በማኅተምዎ አስደግፈው ይጻፉልኝ።