ነፋስ ይገባዋል ያለህ ወንድምህ

ኤርጊቾዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀረው። መጀመሪያ የጎረቤት ወሬ ልንገርህ፤ እሱን ዘልዬ ስለ ራሴ ባወራ እንደማትወድ አውቃለሁ። አስቴር ጉልበቷ ተሽሏት ምርኩዟን ጥላለች፣ ገበያም ትወርዳለች። ሺንሺቾ ከተማ የተዳረችው ልጇ መንታ ወለደች። ለአራስነት እናቷ ጋ ስለመጣች፣ ሁለቱ ልጆች ሲያለቅሱ የኛ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። የተከልከው አቮካዶም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቷል።

እኔ ግን ታምሜአለሁ። አንተን የነካህ ነገር እኔንም ጎበኘኝ። ሽንት ቤት ደም ሳይ እንዳንተ አልደበቅሁም፤ በማግሥቱ ለምሕረት ነገርኳት። ልጃችን አሁን ሀደሮ ከተማ ታስተምራለች። ፈቃድ ወስዳ መጣችና አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ካሜራ ባለው ቱቦ አይተው አንጀቴ ውስጥ የበቀለች፣ እንጉዳይ የመሰለች ትንሽ ሥጋ ቆርጠው አወጡ። ውጤቱ ሲመጣ ሥሯ ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። ሁሉም ተነቅሎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፣ በዓይን አይታይም። ወይ ያንን የአንጀት ክፍል ቆርጦ መስፋት ነው፣ ወይ ሳይነኩ በየጊዜው በቱቦ እያዩ መጠበቅ። ስኳር ስላለብኝ ደግሞ ቁስሉ ሊያስቸግር፣ ስፌቱም ሊለቅ ይችላል አለ። ምረጪ አለኝ። እኔ እንኳን ስለ አንጀቴ፣ የቀሚስ ቀለም ስመርጥ አንተን ነበር የምጠይቀው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ያደላው ለመጠበቁ ነበር። ሆዴ ተከፍቶ መተኛት ያስፈራኛል። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ወንድምህ ነው።

ጋሽ ላምቤቦ ወሬውን እንደሰማ፣ እንደ ልማዱ የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ሰብስቦ መጣ። እኔም ቅቤ ሳልሰስት የቡላ አተካና ሠራሁላቸው። ቡላውን በልተው፣ ጸልየው ሲጨርሱ፣ በር ሥር ያቺው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያቺኑ ጣቱን አነሣ። «ይህ በሽታ ቢላ ካገኘው ነፋስ ይገባዋል፤ ነፋስ ከገባው ይዛመታል» አለ። ትዝ አለህ? አንተንም ቃል በቃል ያለህ ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና ቀን ቆርጦልህ፣ እኔ ሻንጣህን አዘጋጅቼ፣ አንተ ግን ታላቄን እንዴት እምቢ እላለሁ ብለህ ፒጃማህን ከሻንጣው መልሰህ አወጣህ። ልቅሶህ ላይ ከሁሉም በላይ ደረቱን የደቃው እሱ ነው። ያልተደረገለት ነገር የለም እያለ! እኔ ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ።

ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣ ቀን ግን አልቻልኩም። «ጋሼ፣» አልኩት፣ «ወደ ኤርጊቾ ሆድ ነፋሱ በየት በኩል ገባ? እሱን እኮ ማንም አልከፈተውም።» ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሱ ያቺን ጣቱን አወረደ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። በዚያ ላይ ሐኪሙ ያለኝን ጨመርኩለት፤ ልጆቹም ይመርመሩ፣ የሟቹ ወንድሞችና እህቶችም ይመርመሩ ብሏል አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሲሄዱ ግን እኔው ራሴን ፈራሁ። በቂም ተነሥቼ ሆዴን ላስከፍት ነው? በማግሥቱ ለሐኪሙ ደውዬ፣ እናትህ ብሆን ምን ታደርግ ነበር አልኩት። መጀመሪያ ስኳርሽን አስተካክዬ ከዚያ አስቆርጥሽ ነበር፣ ምርጫው ግን ያንቺ ነው አለኝ። አሁን ስኳሬ ተስተካክሏል። ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ለቀዶ ሕክምናው የሚፈርም ወንድ ዘመድ አልጠራሁም፤ የምትፈርመው ምሕረት ናት። ያንን ፒጃማህን ወደዚያችው ሻንጣ መልሼዋለሁ። ሰፊ ስለሆነ ለስፌቱ ይመቸኛል።

ዛሬ ከሰዓት ማን መጣ መሰለህ? ጋሽ ላምቤቦ። ብቻውን፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ፣ እሱም ደም ካየ ሦስት ወር እንዳለፈው ነገረኝ። ሆዱን ማስነካት ፈርቷል። «አንቺ በደህና ከተመለስሽ እኔም እሄዳለሁ» አለ። ግባ አላልኩትም። «እንግዲያው ጋሼ፣ ቢላው እንዲቀናው ጸልይልኝ» ብዬ ሸኘሁት። እኔን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሂድ ማለት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ነገ ምሕረት ትነግረዋለች። የዛሬዋን ሌሊት ግን ፈርቶ ይደር ብዬ ለራሴ አስቀረኋት።

አንተን አልረሳም፣ ኤርጊቾዬ። ፒጃማህን ያወጣህበትን ቀንም አልረሳም። ድኜ ከመጣሁ ወንድምህን እዚያችው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት «ከሕክምናው ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አሰኝቼ ስምህን አስጠራዋለሁ።

አስቴር አንዱን መንታ አዝላ አሁን ገባች። ዶሮዎችሽን እኔ አያለሁ አለችኝ። ቀጥላም፣ «ያ ላምቤቦ ምን ነካው? ዓይኑን ጨፍኖ ስምሽን እየጠራ ሲሄድ ከአህያ ጋር ሊጋጭ ነበር» አለች።