ከእንባ የማይበልጥ ጨው

ዘይነባዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደባርቅ እንደምታውቂያት ናት፤ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይገለጥም፣ ሱቃችን በር ላይ ያለው ጭቃ ደንበኛ ያባርራል። ልጃችን ሐያት ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ»ን ስትል ታስቃለች። አንቺ ነበርሽ ይህን ማየት የነበረብሽ።

ኬሚስትሪ ታስተምሪበት የነበረውን ክፍልሽን አዲስ መምህር ይዞታል። ባለፈው በትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ ስለ ሶሉሽን፣ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟው ነገር፣ ሲያስተምር ሰማሁና አጥሩ ሥር ቆምኩ። እኔ የጨርቅ ነጋዴው ኬሚስትሪን የማውቀው ባንቺ አፍ ብቻ ነው። በተጋባን ሰሞን ሻዬን ሳማስል፣ «ሰይዴ፣ ስኳሩን ብቻ አትይ፤ ውሃውንም እይ። ያው አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ሲገባና በሙሉ ማንቆርቆሪያ ሲገባ አንድ አይደለም። ኮንሰንትሬሽን የምንለው ይኼንኑ ነው» ብለሽ ስቀሽብኛል።

ያኔ ጨዋታ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከቆላ የተፈናቀሉት ሰዎች ትምህርት ቤታችሁ ሲያርፉ፣ ተቅማጥም ልጆቻቸውን ሲጥል፣ ጨዋታነቱ ቀረ። መድኃኒት አለቀ። አንቺ ከጓዳችን ጨውና ስኳር፣ የሊትር ዕቃም ይዘሽ ወጣሽ። ፈልቶ ለቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ አፉ ተስተካክሎ። አንዲት እናት ልጇ ቶሎ እንዲድንላት ብላ ጨውን በእፍኝ ጨምራ ልታጠጣው ስትል ደርሰሽ ከእጇ ቀማሻት። ሴትየዋ ደነገጠች።

«እናቴ፣ ጨው ሲበዛ የሰውነቱን ውሃ ይስባል፤ ይብስ ያደርቀዋል» አልሻት። «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው። ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ ድፊው።»

«እንባማ አውቃለሁ» አለችሽ።

ልጇ ተረፈ።

አንቺ ግን አልተረፍሽልኝም። ተቅማጡ አንቺንም ሲይዝሽ ለማንም ሳትናገሪ ስትሠሪ ውለሽ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈሽ መጣሽ። እኔው በጠበጥኩልሽ። ጨው ስቆልል አይተሽ ከፍራሹ ላይ ሆነሽ፣ «ማንኪያውን አስተካክል» አልሽኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገርሽም። ያጠጣሁሽን ሁሉ ሆድሽ መለሰው። በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ፍለጋ ዳባት የወረደው ወንድምሽ ይዞ ሲመለስ፣ ፊትሽን ሸፍነን ነበር።

በዚህ ክረምት ሐያትን ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ዓይኗ ሲጎደጉድ ሳይ ያንን የሊትር ዕቃሽን አነሳሁ። እንዳስተማርሽው ለካሁ፣ ቀመስኩ፣ ቀስ እያልኩ በማንኪያ አጠጣኋት። ስትመልሰው ትንሽ ቆይቼ እንደገና እሰጣት ነበር። በማግሥቱ ከሰዓት ቀና አለችና «አባ፣ ራበኝ» አለችኝ። ጎረቤቶች አላህን አመሰገኑ፤ እኔም አመሰገንኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ያው ጨው፣ ያው ስኳር፣ ያው የእኔ እጅ፤ ለእሷ የደረሰው ላንቺ ሳይደርስ መቅረቱ አልዋጥልህ አለኝ።

ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ወደ መቃብርሽ ይዣት እመጣለሁ። ባለፈው መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ «አባ፣ የእማ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

ከእኔ አይጠፋም፣ ዘይነባዬ። እስክታድግ ይዤላት እቆያለሁ።

ያንቺው ሰይድ