የወንድምሽ የባሕር ጃርቶች

ለልጄ፣

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ሰላምታ ካስቀደምኩ አንጀቴ ይራራና ሳልናገር እቀራለሁ። አሁን እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ የጨበጥኩት እስክሪብቶ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፣ የገዛ እጄ ነው።

ትልቁ የባሕር ጃርት ሞተ። ወንድምሽ መርከብ ላይ ሊሠራ ሲሄድ "እማዬ፣ አደራ" ብሎ ከነመስታወት ገንዳው የተወልኝ፣ ያ እሾኹ ረጅም ጥቁሩ። መጀመሪያ እሾኹ አንድ አንድ እያለ እንደ መርፌ አሸዋው ላይ ረገፈ። በሦስተኛው ቀን ራሰ በራ ሆኖ ተገለበጠ። ትንሹም፣ ያ ያገኘውን ዛጎል ሁሉ ጀርባው ላይ የሚቆልለው፣ ሸክሙን ጣለ። ከሹራቤ ተበጥሳ የገባችውን ቀይ ቁልፍ እንኳ እንደ ባርኔጣ ደፍቷት ይዞር አልነበር? ወንድምሽ "እማዬ፣ ያንቺ ቢጤ ነው፤ የወደቀውን ሁሉ አንስቶ ይሸከማል" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሷንም ጣላት።

አሁን ለገንዳው አየር የሚነፋው ፓምፕ ድምፅ የጠፋ መስሎኝ ሄጄ አየሁ። አልጠፋም። ዛሬ እንዲሁ ስነሣ ስቀመጥ ነው የዋልኩት።

ባለፈው ስትመጪ ከወንድምሽ የመጣ ነው ብለሽ ያነበብሽልኝ ደብዳቤ "ገንዳው ሲጎድል የጨው ውሃ ጨምሪበት" ይላል አልሽኝ። እሱ እዚህ እያለ አንድ ቀን እንደዚያ ሳደርግ እጄን ይዞ፣ "የሚተነው ውሃው ነው እንጂ ጨውማ የትም አይሄድም። ጨው በሌለው ውሃ ሙዪው፤ አለዚያ ታቃጥያቸዋለሽ" ብሎኝ ነበር። አልረሳሁትም። ግን እሱ ጻፈ ካልሽ፣ ከእኔ እሱ ያውቃል ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨው እየበጠበጥኩ ጨመርኩ። በገዛ እጄ ፈጀሁት።

ጃርቱን ግቢው ጥግ ቀብሬ ስመለስ ነገሩ ከነከነኝ። ወንድምሽ ይህን አይልም። ደብዳቤዎቹን የማስቀምጥበትን መሳቢያ ከፈትኩ። ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት የምሄደው የእሱን ደብዳቤ ራሴ ላነብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። "እኔ እያለሁልሽ ምን አደከመሽ" ትዪኝ የነበረው አሁን ገባኝ። "በጣም ናፍቀሽኛል" ይላል ያልሽኝ ወረቀት መብራት የሚቋረጥበትን ቀን የሚናገር ማስታወቂያ ነው። የመጨረሻው ደግሞ የጨው ከረጢቱ መመሪያ ነው። ጨው የሚለውን አይተሽ መሰለኝ የቀረውን ከሆድሽ ያወጣሽው፤ አንቺ የጃርት ነገር መቼ ገብቶሽ ያውቃል? እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ ተከተልኩ። እናቴ የሚል የለበትም።

ማኅተም ያለበት ግን እውነተኛ ደብዳቤ ነው፣ ከመርከቡ መሥሪያ ቤት የተላከ። የዛሬ ሁለት ዓመት "ሹመት አገኘ" ብለሽ ያነበብሽልኝ። ጎረቤት ጠርቼ እልል አልኩ። አንቺ ጓዳ ገብተሽ ቆየሽ፤ ዓይንሽ ቀልቶ ስትወጪ ጉንፋን ነው አልሽ። እስከ ሦስተኛው መስመር፣ "በጥልቅ ሐዘን" እስከሚለው አነበብኩና አጠፍኩት። የቀረውን ፊደል መምህሬ ገና አላስተማረኝም ልበል።

አልምርሽም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። የጎረቤቶቹን እልልታ ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ ፊቴ ይቃጠላል። ግን ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ስትመላለሺ ትከሻሽ ምን ያህል እንደ ጎበጠ ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ የሥራ ነው ብዬ ነበር። ወንድምሽ ተሳስቷል፤ ያ ትንሹ ጃርት የእኔ ሳይሆን ያንቺ ቢጤ ነው።

ውሃውን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየቀየርኩ ጨውን በመለኪያው አየዋለሁ፤ ወንድምሽ ቀይ መስመር ካሰመረበት ቦታ ሊደርስ ነው። ትንሹ ዛሬ ጠዋት ከመስታወቱ ላይ አረንጓዴውን ሲግጥ ነበር። ይህን ስጽፍ ደግሜ ሄጄ አየሁት። ቁልፏን አንስቶ ደፍቷታል።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው። የወጣሽበት መንገድ በደህና ይመልስሽ። እሑድ ነይ፤ ባዶ እጅሽን ነይ፣ ወረቀት አታምጪ። ከእንግዲህ መቼ ይመጣል ብዬ አልጠይቅሽም።

እናትሽ