እናታችን የመረገችው ስንጥቅ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለይስማው፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? የጂዳ ሙቀት እንቅልፍ ይነሳል ይላሉ፤ እህልስ ይወርድልሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ጭንቀት ሊገድለኝ ነው።

ከቤታችን ጀርባ ያለው ገደል እየተናደ ነው። ሐይቁ ከሥር ይበላዋል፣ ዝናቡ ከላይ ይሰነጥቀዋል፤ ደሴታችን ከዓመት ዓመት እየጠበበች ነው። በመጋቢት ባለሙያዎች ከነቀምቴ መጥተው የጓሯችንን ስንጥቅ አዩት። ከግራና ከቀኙ ችካል ተክለው በመሐሉ ያለውን ርቀት ለኩ። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰፋ ካወቅን ማን መቼ መነሣት እንዳለበት እንነግራችኋለን፣ እስክንመለስ ማንም እንዳይነካው ብለው ሄዱ።

ከዚያ አንተ ለዐረፋ እመጣለሁ ብለህ ለእናታችን ደወልክላት። በደስታ የምትሆነውን አጣች። ልጄ መጥቶ የተሰነጠቀ ግቢ ሊያይ ነው ወይ ብላ ጎረቤቱን ለደቦ ጠራች። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ቤቱም ተመረገ፣ ስንጥቁም ተደፈነ። ችካሉ ለሥራ አልመች ሲላቸው ነቅለው ጣሉት። እኔ ገበያ ውዬ ስመለስ ግቢው እንደ ሙሽራ ቤት አምሮ ጠበቀኝ። ባለሙያዎቹ ተመልሰው ሲመጡ የሚለኩት አጡ። እንደ አዲስ ችካል ተክለው፣ የክረምቱን እናያለን፣ እናንተ ግን ልኬቱን ሳትጠብቁ ከዚህ ቤት ብትወጡ ይሻላል አሉን።

ባለፈው ሐሙስ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ምርጊቱን አጥቦ ወሰደው፤ ስንጥቁ አሁን ክንዴን ይውጣል። ከጓሯችን ጫፍ የተገመሰ ቋጥኝ ወርዶ ባለታንኳው ጆቴ የሚቆምበትን ዳርቻ ደፈነው፤ እሱም ለጥቂት ተረፈ። ያንኑ ዕለት እኛ ዘንድ ወጥቶ፣ «አዴ ሲቲ፣ ማዶ እኔ ቤት ይግቡ» ብሎ እናታችንን ለመናት። እኔም እግሯ ላይ ወደቅሁ። መልሷ አንድ ነው፤ «ልጄ ሲመጣ የት ብሎ ይፈልገኛል?»

አልፈርድባትም። ከኪራሙ ስንሸሽ ተጠፋፍተን፣ አንተ ስንት ቦታ ጠይቀህ እዚህች ደሴት ላይ እንዳገኘኸን አትረሳውም። ስትሄድም፣ እማ፣ ዳግም እንዳላጣሽ ከዚህ ቤት እንዳትንቀሳቀሺ ያልካት አንተ ነህ። ቃልህን ይዛ ተቀምጣለች። መውጫ ፈቃድ እንደከለከሉህና እንደማትመጣ ለእኔ ለብቻዬ ነግረኸኛል። እኔም ነገርኳት፤ ዐረፋ ቢያልፍም ከአፉ ካልሰማሁ አላምንም አለች።

እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ይህን ደብዳቤ ጆቴ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ለምትኖረው ለአዜብ ያደርስልኛል፤ የኪራሙ ጎረቤታችን ነበረች፣ ታስታውሳታለህ። ፎቶ አንስታ በስልኳ ትልክልሃለች። አንተም ድምፅህን ቀርጸህ በእሷ በኩል ላክልን፤ ጆቴ በስልኩ ይዞት ይመጣል። እባክህ፣ አታባብላት። አልመጣም፣ ተነሺ በላት። ያማታል፤ ይመማት። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፣ እኔ ከእንግዲህ የምለምንበት አፍ የለኝም።

ባለቤቴ ሰማኸኝ፣ በጣም ናፍቀኸናል ይልሃል። ልጆቼ አጎታችን እያሉ ድምፅህን ሊሰሙ ጓጉተዋል። ጆቴም በኦሮምኛው አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ብሎሃል። እናታችን ግን ሰላም በይልኝ አላለችም። ሲመጣ ራሴ እስመዋለሁ ብላ፣ ዛሬም ጠዋት ለስንጥቁ ጭቃ ስታቦካ ነበር።

እህትህ ሀያት
ከደሴቲቱ፣ ወለጋ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.